በጩኸት የባከነ ዕድል

ሜይ 25 ቀን 2013 ጠዋት የአውስትራሊያን ሩልስ ኳስ ተጫዋቹ አዳም ጉድስ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ የተናገረው ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በዋዜማው ማታ በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ከአጥሩ ወዲያ ከተቀመጡት አንዷ የ13 ዓመት ልጅ «ዝንጀሮ» ብላ ሰድባዋለች። ስድቡ ውስጡ ድረስ ገብቶ እንደጎዳው አልሸሸገም። ግን የመጣው ለመክሰስ አልነበረም። ልጅቷን አትንኩብኝ ነው ያለው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ከአካባቢዋ የሰማችውን ነው የደገመችው፤ ደግፏት፣ አስረዷት፣ አስተምሯት አለ። ልጅቷም ስልክ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም ተቀበላት።

እንዲህ ያለ ዕድል በስንት ዘመን አንዴ ይገኛል? የተሰደበው ሰው ራሱ፣ በሙሉ ክብሩ ቆሞ፣ ሰዳቢውን ከስድቡ ለይቶ «ኑ፣ እንዴት እንደምንነጋገር አብረን እንማር» ብሎ እጁን ዘረጋ። ለዚያ ማንም ኮሚቴ አላቋቋመም፣ ማንም ገንዘብ አልከፈለም። ከሊጉም ከደጋፊውም የሚጠበቀው መስማት ብቻ ነበር። በሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ግን ያን ሰው በጩኸት ከሜዳ አስወጡት። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። አውስትራሊያን ሩልስ፣ እዚህ አውስትራሊያ ሁሉም በቁልምጫ «ፉቲ» የሚለው፣ በሞላላ ሜዳ ላይ በሞላላ ኳስ የሚካሄድ፣ በእያንዳንዱ ወገን 18 ሰው የሚሰለፍበት ጨዋታ ነው። ኳሱ በእግር ይለጋል፣ በእጅ ይያዛል፣ በቡጢ እየተመታ ይተላለፋል። ከሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መሀል ካለፈ 6 ነጥብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕጎቹ ሜልበርን ውስጥ የተጻፉት በ1859 ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ሊያገኝ ከሚችለው ማዕረግ ሁሉ የሚበልጠው ብራውንሎ ሜዳሊያ ይባላል። የሚመርጡት ዳኞቹ ናቸው። የሚሰጠውም በችሎታው ላቅ ላለው ብቻ አይደለም፤ ጨዋ ሆኖ ለተጫወተው ነው። በዓመቱ ውስጥ በጥፋት የታገደ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሜዳሊያው አይገባውም። አዳም ጉድስ ይህን ሜዳሊያ በ2003 እና በ2006፣ ሁለት ጊዜ ወስዷል። ለሲድኒ ስዋንስ 372 ጨዋታ ተጫውቷል፣ በ2005 እና በ2012 ዋንጫ አንስቷል። አድንያማታና እና ናሩንጋ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች የተወለደ ነው። እኔ የዌስተርን ቡልዶግስ ደጋፊ ነኝ፤ ጉድስ የኔ ክለብ ሰው ሆኖ አያውቅም። ሆኖም ያንን ረጅም ሰው 37 ቁጥር ለብሶ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሮጥ ያየ ሁሉ፣ የማንም ደጋፊ ይሁን፣ ምን እያየ እንደነበር ያውቃል።

ጨዋታው ደግሞ እንዲህ ያለውን ስድብ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ አልነበረም። ከነባር ሕዝቦች የተወለዱት ሰር ዳግ ኒኮልስ በ1920ዎቹ ካርልተን ክለብ ለመግባት ሞክረው፣ ገላቸውን የሚያሽላቸው ሰው ጠፍቶ፣ ይሸታል ተብለው የተገፉ ሰው ናቸው። በኋላ ለፊትዝሮይ ተጫውተው ስማቸው ገነነ፤ በ1976 የደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዥ እስከ መሆን ደረሱ። ኤፕሪል 17 ቀን 1993 ደግሞ በቪክቶሪያ ፓርክ፣ የሴንት ኪልዳው ኒኪ ዊንማር ቀኑን ሙሉ ከኮሊንግዉድ ደጋፊዎች ሲዘንብበት ከዋለው ስድብ በኋላ፣ ክለቡ ካሸነፈ በኋላ ማሊያውን ወደ ላይ ገልጦ የሆዱን ቆዳ በጣቱ አሳያቸው። ሁለት ፎቶ አንሺዎች ያን ቅጽበት ቀርጸው አስቀሩት። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ፤ የኮሊንግዉድ ፕሬዚዳንት ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው፣ እንደ ነጭ ሰው ሥነ ሥርዓት ይዘው እስከተገኙ ድረስ ሁሉም ያከብራቸዋል የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተናገሩ። በ1995 በአንዛክ ቀን ኤሰንደንና ኮሊንግዉድ ሲጫወቱ ማይክል ሎንግ በዘሩ ተሰደበ፤ እሱም ዝም አልልም አለ። በዚያው ዓመት ሊጉ በዘር፣ በቀለምና በሃይማኖት መሳደብን የሚከለክል ደንብ አወጣ።

ደንቡ ብዙ ነገር ቀይሯል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከ1995 በፊት ተጫዋቾች እርስ በርስ ይባባሉት የነበረው ዛሬ ሜዳ ላይ ቢሰማ ተናጋሪውን ለሳምንታት ያሳግደዋል። ነገር ግን ደንቡ የተሰፋው ለቃል ነበር፤ የተወሰነ ቃል፣ ከተወሰነ አፍ የወጣ፣ ምስክር የሚቆምበት። ትሪቡን ላይ ስለተቀመጠው ሕዝብ፣ ቃል ሳይጠቀም ስለሚያዋርድ ሕዝብ፣ የሚለው ነገር አልነበረውም። ያ ክፍተት በሜይ 2013 ለሁሉም በሚታይ መንገድ ተከፈተ፤ ጉድስም እንዴት እንደሚደፈን በዚያው ማግስት ነገራቸው።

ያን ማታ ምን እንደሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በኋላ ያጣመሙት እዚህ ላይ ነውና። ጨዋታው ወደ ማለቁ ነው። ስዋንስ ኮሊንግዉድን እያሸነፉ ነው፤ ጉድስ ከሜዳው ምርጦች አንዱ ነው። ዙሩም ለነባር ሕዝቦች ክብር የተሰየመው ዙር ነው። ኳስ ወደ መስመሩ ዳር ይወስደዋል። ከአጥሩ ወዲያ ቃሉ ይመጣል። ይቆማል። ዞሮ ያያል። ጣቱን ቀስሮ ለጥበቃ ሠራተኞቹ ያመለክታል። ያኔ የሚያውቀው አንድ ሰው እንደሰደበው ብቻ ነው፤ ልጅ መሆኗን፣ ዕድሜዋ 13 መሆኑን ያወቀው በኋላ ነው። ከዚያ ድሉን ከጓደኞቹ ጋር ሳያከብር ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። ይኸው ነው ያደረገው። አልጮኸም፣ አልዛተም፣ አጥር አልዘለለም። የሥራ ቦታው ላይ የተሰደበ ሰው ማድረግ የሚገባውን አደረገ፤ ሲነጋ ደግሞ ከሚገባው በላይ አደረገ።

የኮሊንግዉዱ ፕሬዚዳንት ኤዲ ማጓየር በዚያው ማታ መልበሻ ክፍል ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው። መልካም ነበር። አምስት ቀን ሳይቆይ ግን ያው ማጓየር በሬዲዮ ፕሮግራሙ ላይ፣ ሜልበርን ውስጥ ስለሚታየው የግዙፉ ዝንጀሮ የኪንግ ኮንግ ትርኢት ሲያወራ፣ ጉድስን ለማስታወቂያው ቢያመጡት ጥሩ ነበር የሚል ነገር ጣል አደረገ። የ13 ዓመቷ ልጅ የተናገረችውን፣ የአገሪቱ ትልቅ ክለብ መሪ በአምስተኛው ቀን ማይክሮፎን ይዞ ደገመው። ይቅርታ ጠየቀ፣ የአፍ ወለምታ ነው ተባለ፣ ታለፈ። እኔ እዚህ ላይ ነው ዕድሉ መፍሰስ የጀመረው የምለው። ልጅ ስትሳሳት አዋቂ ያርማታል፤ አዋቂው ራሱ ሲደግመው እና ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ሲቀር ልጅቷ ምን ትማር? ማጓየር ከፕሬዚዳንትነቱ የወረደው በ2021 ነው፤ ክለቡ ውስጥ ሥር የሰደደ ዘረኝነት እንዳለ የሚገልጽ የጥናት ሪፖርት ወጥቶ፣ እሱ ያን ቀን ክለቡ ሊኮራበት የሚገባ ታሪካዊ ቀን ነው ብሎ በመናገሩ ቁጣ ተነሥቶበት። ስምንት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው።

በ2014 ጉድስ «የዓመቱ አውስትራሊያዊ» ተብሎ ተሸለመ። ያገኘውን መድረክ ስለ ዘረኝነት ለመናገር፣ ስለ አገሩ ነባር ሕዝቦች ታሪክ ለመናገር ተጠቀመበት። የተናገረውም በጨዋ አንደበት፣ በለሰለሰ ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በየሜዳው ኳስ በነካ ቁጥር «ቡ...» ማለት የተጀመረው።

ስለዚያ ጩኸት ብዙ አስቤያለሁ። ቃል አይደለም፤ ስለዚህ ደንብ አይይዘውም። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ስለዚህ የሚጠየቅ የለም። ሺህ አፍ በአንድ ላይ ስለሚያሰማው እያንዳንዱ ጯሂ «እኔ ምን አልኩ?» ማለት ይችላል። በ1995 ስድብ በቃል ሲከለከል፣ ንቀቱ ቃሉን ትቶ ድምፁን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ሲጠየቁም ምክንያቱ ሞልቷል። ጉድስ ሲነካ ቶሎ ይወድቃል፣ ዳኛ ያታልላል፣ ቅጣት ምት ይለምናል ይላሉ። በዳኞች ድምፅ ጨዋ ተጫዋች ተብሎ ሁለት ጊዜ የተሸለመ ሰው! ቶሎ የሚወድቁ ተጫዋቾች በየክለቡ ነበሩ፤ ከጨዋታ ጨዋታ፣ ከከተማ ከተማ እየተከተለ እንዲህ የተጮኸበት ግን አንድ ሰው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከሁሉም ይከፋል። «ልጅቷን አዋረዳት» አሉ። ይህን ስሰማ እርር ድብን የምለው ያለ ነገር አይደለም። ልጅቷን አትንኩ ብሎ የለመነው እሱ ነው። ያን ቀን ለዚያች ልጅ ከእሱ የበለጠ የተሟገተላት ሰው አልነበረም። ምሕረቱን ወስደው ክስ አደረጉበት፤ ሬዲዮው ደጋግሞ አወራው፣ ትሪቡኑ አመነው፣ ከዚያ ልጅ የሚያሸማቅቅ ሰው ነው እያሉ ጮኹበት። በሜይ 2013 የሰጣቸውን ስጦታ መልሰው በፊቱ ላይ የወረወሩት በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ሰሞን ሜልበርን ውስጥ በተመለከትኩት አንድ ጨዋታ አጠገቤ አባትና ልጅ ተቀምጠው ነበር። ፉቲ ላይ የሁለቱ ክለብ ደጋፊ ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው፤ በአጥር አይለይም፣ ፖሊስ መሀል አይቆምም። ከሌላው ዓለም ኳስ የሚለይበት፣ በጣም የምወድለትም ነገር ይህ ነው። አባትዬው ክፉ ሰው አይመስልም። በእረፍት ሰዓት የገዛውን ትኩስ ቺፕስ «ያዝ፣ ብላ» ብሎ ዘርግቶልኛል። ልጁ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንገቱ ላይ የክለቡን ሻርፕ ጠምጥሟል። ኳሱ አየር ላይ እያለ ሁሉም ዝም ይላል። ጉድስ ይይዘዋል። ከላይኛው ረድፍ አንድ ድምፅ ይጀምራል፣ ይወርዳል፣ ይሰፋል። አባትዬው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጮኻል። ልጁ ቀና ብሎ የአባቱን አፍ ያያል፤ ወደ ሜዳው ዞሮ ማን ላይ እንደሆነ ይፈልጋል፤ ከዚያ ሁለት ትንንሽ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ እሱም «ቡ...» ይላል። አባቱ ፀጉሩን ያሻሸዋል። ጉድስ በ2013 «ከአካባቢዋ የሰማችውን ነው» ያለው ይኸን ነበር። ዓይኔ እያየ አንድ ልጅ ሲማር አየሁ፤ የተማረውም እንዲያስተምሩት የተለመነውን ሳይሆን ተቃራኒውን ነው።

ሜይ 29 ቀን 2015፣ እንደገና በነባር ሕዝቦች ዙር፣ ካርልተን ላይ ጎል አግብቶ ጨፈረ። ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ የነባር ሕዝቦች ልጆች ቡድን ያስተማሩት የጦር ጭፈራ ነው። ጥቂት እርምጃ፣ በመጨረሻ በምናብ የተወረወረ ጦር፤ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። አገር ተናወጠ። ደጋፊዎችን አስፈራራ ተባለ፣ ጠብ ጫረ ተባለ። የኒውዚላንድ ራግቢ ተጫዋቾች እዚሁ አገር መጥተው ሀካ ሲጨፍሩ ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ልጆቹን ትከሻው ላይ አውጥቶ ያሳያል። የራሱ አገር ሰው፣ በራሱ ምድር፣ ለእሱ ሕዝብ በተሰየመ ዙር፣ ልጆች ያስተማሩትን ጭፈራ ሲጨፍር ግን ስጋት ሆነ። ዙሩን ሰይመው ባህሉን ሲያዩት ደነገጡ። ይህ ምን ዓይነት ክብር ነው? ማሊያ ላይ ሲሣል የሚያምር፣ ሰው ሆኖ ሲንቀሳቀስ የሚያስቆጣ።

ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ባሰ። ጁላይ 26 ፐርዝ ላይ ከዌስት ኮስት ጋር ሲጫወቱ ጫፉ ላይ ደረሰ። የቡድን ጓደኛው ሉዊስ ጄታ ጎል አግብቶ ያንኑ ጭፈራ ጨፈረለት፤ እኔም እዚህ አለሁ ማለቱ ነበር። ጉድስ ግን አልቻለም። እረፍት ጠየቀ፤ ቀጣዩን ጨዋታ አልተሰለፈም። ብዙዎቹ ክለቦች ጠንከር ብለው የተናገሩት ያኔ ነው። ሊጉም ቢሆን ለወራት ነገሩን በለዘብተኛ ቃል ሲያልፈው ቆይቶ ነው ድምፁን ያሰማው፤ ያን ጊዜም ዘረኝነት ነው ብሎ በስሙ ለመጥራት አንደበቱ ተያዘ። ደጋፊው የከፈለ ነው፣ መጮህ መብቱ ነው የሚለው ሙግት ሊጉን አንቆ ይዞት ነበር።

ማድረግ የሚቻል ነገር አልነበረም የሚሉኝን አልቀበልም። ሊጉ ሲፈልግ ምን ማድረግ እንደሚችል በኋላ አይተናል። በ2022 ተጫዋቾች ለዳኛ አክብሮት የላቸውም፣ በየሰፈሩ ሜዳ ዳኛ የሚሆን ሰው እየጠፋ ነው ተባለ። ለረጅም ዘመን ትሪቡኑ ነጭ ለባሾቹን ዳኞች «ትል» እያለ ሲሰድባቸው ኖሯል፤ ውጤቱ ማንም ወላጅ ልጁ ዳኛ እንዲሆን አለመፈለጉ ነው። ሊጉ ቆረጠ። በዳኛ ውሳኔ ተከራክሮ ሁለት እጁን የዘረጋ ተጫዋች ቡድኑ የ50 ሜትር ቅጣት እንዲከፍል አደረገ። ኳሱ ለተቃራኒው ቡድን 50 ሜትር ወደ ጎል ተጠግቶ ይሰጠዋል ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ጎል ነው። ሰው አጉረመረመ፣ ይህማ በዛ ተባለ፤ የጨዋታው ኮከብ የሚባሉት ሳይቀሩ ግን በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ እጃቸውን መሰብሰብ ለመዱ። እንግዲህ ለዳኛ ክብር ይህን ያህል የተቻለው፣ ለአዳም ጉድስ ክብር በ2015 ምን አቃተው? ጨዋታውን ለአንድ ደቂቃ ማስቆም፣ በድምፅ ማጉያው መናገር፣ የሁለቱን ክለብ አምበሎች መሀል ሜዳ ከጎኑ ማቆም ይቻል ነበር። አንድ ቅዳሜ ብቻ ቢደረግ፣ በማግስቱ የሚጮኸው ሰው ለማን እንደሚጮህ ማወቁ አይቀርም ነበር።

ይቻል እንደነበር ደግሞ ደጋፊው ራሱ አሳይቷል። ኦገስት 1 ቀን 2015 ጉድስ በሌለበት ሲድኒ ላይ ስዋንስ ከአዴሌድ ሲጫወቱ፣ በሦስተኛው ሩብ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ፣ 37 ቁጥሩን በማሰብ፣ ሜዳው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የአዴሌድ ደጋፊዎችም ጭምር። ያን ጭብጨባ በቴሌቪዥን ሳይ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ይህን ማድረግ እየቻሉ የት ቆይተው ነው አልኩ። እሱ ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ?

ተመልሶ ጥቂት ጨዋታ ተጫውቶ በሴፕቴምበር፣ ስዋንስ ከውድድሩ በወጡበት ማታ፣ በጸጥታ ጫማውን ሰቀለ። በዋንጫው ፍጻሜ ቀን በዚያ ዓመት የተሰናበቱ ታላላቅ ተጫዋቾች በሜልበርኑ ሜዳ ዙሪያ በመኪና እየዞሩ ሕዝቡን የሚሰናበቱበት ወግ አለ። 372 ጨዋታ የተጫወተው ሰው ያን ቀን አልተገኘም። ማን ይፈርድበታል? ሊጮሁበት ይችላሉ እያለ ሊዞር ነው?

ይህ የእኛ የሐበሾች ጉዳይ እንዳልሆነ አድርገው የሚያዩ ወዳጆች አሉኝ። ግን ፉትስክሬይ የቡልዶግስ አሮጌ ሜዳ ያለበት የሜልበርን ሰፈር ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ የተደረደረበትም ሰፈር ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚያወሩት ስለ ፉቲ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ኦስኪክ የሚባለው የሕፃናት ሥልጠና ላይ ሞላላዋን ኳስ ይዘው የሚሮጡት የእኛም ናቸው። ቤት ውስጥ ታላቅህን አክብር፣ ሰው አትሳደብ፣ አፍህን ሰብስብ እያልን የምናሳድጋቸው ልጆች በ2015 በየቴሌቪዥኑ ያዩት አንድ ጥቁር ሰው ኳስ በነካ ቁጥር ሲጮኽበት ነው። የዓመቱ አውስትራሊያዊ፣ ሁለት ብራውንሎ ያለው፣ የአገሩ ባለቤት የሆነው ሰው ክብሩን ማስጠበቅ ካልቻለ፣ ትናንት በአውሮፕላን የመጣ ሰው ልጅ ሜዳ ላይ «ዝንጀሮ» ሲባል ለማን አቤት ይላል? ቢናገርስ ምን እንደሚከተለው አላየም? በጉድስ ላይ የደረሰው ለብዙ ልጆች ያስተማረው ትምህርት ዝም ማለትን ነው። ለዚህ ነው የባከነው ዕድል የአንድ ተጫዋች ጉዳይ ብቻ ያልሆነብኝ።

በ2016 የነባር ሕዝቦችን ዙር በሰር ዳግ ኒኮልስ ስም ሰየሙት። ስሙ ይገባቸዋል። ግን ልብ በሉ፤ ትናንት ይሸታል ተብለው ለተባረሩት ሰው ክብር ሲሰጥ፣ ዛሬ በጩኸት የተባረረው ሰው ከሄደ ዓመት አልሞላውም ነበር። ጁን 2019 ስለ ጉድስ የመጨረሻ ዓመታት የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ሲወጣ ሊጉና 18ቱ ክለቦች በአንድነት ይቅርታ ጠየቁ። ዘረኝነቱን በስሙ ባለመጥራታችን፣ ከጎኑ ባለመቆማችን ብለው ጻፉ። ቃሉ ትክክል ነበር፣ አንድም የሚነቀፍ ዐረፍተ ነገር የለውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ሆነ እንጂ። በ2015 ጁላይ ያ መግለጫ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሰውየውን ያድን ነበር፤ በ2019 ያዳነው የጻፉትን ሰዎች ኅሊና ነው። በ2021 ጉድስን በጨዋታው የታላላቆች መዝገብ ውስጥ ሊያስገቡት ፈለጉ። አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም አለ። የሊጉ ሊቀ መንበር ይህን ለሕዝብ ሲነግሩ እንደገና ይቅርታ ጠየቁ።

የእኔ ክለብ ላይ ደግሞ በ2023 መጣ። ጃማራ ዩግል ሃገን የሚባለው የዚያን ጊዜ ወጣታችን፣ ገና 21 ዓመት ያልሞላው፣ ከሴንት ኪልዳ ጋር በተደረገ ጨዋታ ከትሪቡን በዘሩ ተሰደበ። በቀጣዩ ጨዋታ፣ ማርች 30፣ ብሪዝበን ላይ የመጀመሪያ ጎሉን አግብቶ ማሊያውን ገለጠና ቆዳውን አሳየ። ልክ እንደ ዊንማር፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ከምናምን ሲቀረው። ያን ማታ አምስት ጎል አገባ፤ እኔም እንደ ደጋፊ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሥቼ ነበር፤ ደስታው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ጃማራ በሜይ 2013 የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ አጥሩ ሥር ከተቀመጠችው ልጅ በሁለት ዓመት ያንሳል። ጉድስ አስተምሯቸው ብሎ የለመነው ስለዚህ ዕድሜ ልጆች ነበር፤ የሚሰድቡት እንዳይሰድቡ፣ የሚሰደቡት ማሊያ መግለጥ እንዳያስፈልጋቸው። አሥር ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበር። መምህሩም ነበር፣ ፈቃደኛም ነበር፣ በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ነበር፤ እነሱ ግን ጮኹበት።